ኢንፍሉዌንዛ ይዞት ቬንቲሌተር ላይ ያለ ታካሚ፣ ከቱቦው አስፐርጊለስ በቀለ፦ በሽታ ነው ወይስ ሰፍሮ ያለ?

ተረኛ_ሐኪም
ሰላም ለሁላችሁ። እንዲህ ያለ ታካሚ አለ እንበል። ኢንፍሉዌንዛ ኤ በፒሲአር ተረጋግጧል፣ ስኳርም ኤችአይቪም ካንሰርም የለበትም። ቬንቲሌተር ላይ በገባ በአራተኛው ቀን ኦክስጅኑ እንደገና ወረደ። አንቲባዮቲክ ተቀየረ፣ ለውጥ የለም። ከቱቦው የተሳበው አክታ ካልቸር ላይ አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ በቀለ። የደም ጋላክቶማናን (አስፐርጊለስ የሚያፈሰው የስኳር አንቲጅን) 0.3 ሆኖ ተመለሰ። በራጅ ሁለቱም ሳንባ ነጭ ነው። ይህን ፈንገስ አምነን እናክመው ወይስ አየር መንገድ ላይ ሰፍሮ ያለ ነው ብለን እንተወው? ለማረጋገጥስ ቀጥሎ የሚላከው ናሙና የቱ ነው?

የሳንባ_ሐኪም_ኔዘርላንድስ
ሰፍሮ ያለ ነው ብለህ ለመተው አትቸኩል፤ በሽታ ነው ለማለትም ገና ነህ።

ድሮ የተማርነው የአስፐርጊለስ ታካሚ ኒውትሮፊሉ (ጀርም የሚበላው ነጭ የደም ሴል) ያለቀበት፣ ኬሞ ላይ ያለ ወይም ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ነው። ይህን ግምት ያናጋው በ2018 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከኔዘርላንድስና ከቤልጂየም ሰባት ፅኑ ሕሙማን ክፍሎች የወጣው ጥናት ነው። በኢንፍሉዌንዛ ከገቡ 432 ታካሚዎች በ19 በመቶው ወራሪ የሳንባ አስፐርጊለስ ተገኘ። የመከላከል አቅማቸው ያልተዳከመው ብቻ ሲታዩ እንኳ 14 በመቶ ነበር። ኢንፍሉዌንዛ በሌለበት ከባድ የሳንባ ምች ላይ ግን 5 በመቶ። ፈንገሱ የተገኘውም ከገቡ በሦስተኛው ቀን አካባቢ ነው። በ90 ቀን ውስጥ ፈንገሱ ከነበረባቸው 51 በመቶ ሞተዋል፣ ካልነበረባቸው 28 በመቶ። ስለዚህ አራተኛ ቀን ላይ መታየቱ ከበሽታው ጠባይ ጋር ይሄዳል።

መስፈርቱን በተመለከተ፣ የካንሰር ታካሚዎች መስፈርት እዚህ አይሠራም፤ አስቀድሞ የተዳከመ መከላከያ ይጠይቃልና ያንተን ታካሚ ከበሩ ይመልሰዋል። በ2020 ለኢንፍሉዌንዛ የወጣው የባለሙያዎች መስፈርት መግቢያው ቀላል ነው፦ በመተንፈስ ችግር ፅኑ ክፍል የገባ፣ የኢንፍሉዌንዛ ምርመራው ከመግባቱ አንድ ሳምንት በፊት ጀምሮ ከገባ እስከ 72–96 ሰዓት ባለው ጊዜ ፖዘቲቭ የሆነ። ከዚያ ሳንባው ላይ ጥላ ካለ፣ የደም ጋላክቶማናን ከ0.5 በላይ፣ ወይም የሳንባ እጥበት (በስኮፕ ሳላይን ሰጥቶ መልሶ የተሳበ ፈሳሽ) ጋላክቶማናን 1.0 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የእጥበቱ ካልቸር ፖዘቲቭ፤ ከሦስቱ አንዱ ከተገኘ «ሊሆን የሚችልበት ዕድል ከፍተኛ» ይባላል። ከቱቦ የተሳበ አክታ ካልቸር ብቻውን የሚቆጠረው ሌላ ምክንያት የሌለው ካቪቲ (ሳንባ ውስጥ የተፈጠረ ጉድጓድ) ካለ፣ ወይም በብሮንኮስኮፒ (አየር መንገድን በካሜራ ስኮፕ ማየት) ነጭ ሽፋንና ቁስለት ከታየ ነው።

ያንተ ታካሚ አሁን ባለው መረጃ መስፈርቱን አያሟላም። የሚያሟላ መሆኑን የሚለየው ብሮንኮስኮፒ ነው። የደሙ 0.3 ደግሞ አያጽናናህ። የደም ጋላክቶማናን በኢንፍሉዌንዛ ታካሚዎች የሚይዘው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው፤ በኮቪድ ታካሚዎች ከአምስት አንዱን። ፈንገሱ መጀመሪያ የሚያድገው ቫይረሱ ልጦ ባራቆተው የአየር መንገድ ግድግዳ ላይ ነው። ደም ሥር ሰብሮ እስኪገባ ደም ውስጥ የሚፈሰው አንቲጅን ትንሽ ነው፤ የፈሰሰውንም ኒውትሮፊል ያጸዳዋል። በአንጻሩ ደሙ ፖዘቲቭ ከሆነ ተጨማሪ ማስረጃ ብለህ አትጠብቅ፣ አክም።

ስኮፕ_በእጄ
ስለ ብሮንኮስኮፒው እኔ ልጨምር፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ምርመራው ላይ ሳይሆን ናሙና አወሳሰዱ ላይ ነው።

ቱቦውን አስቀድማችሁ ለኩ። በቱቦው የውስጥ ስፋትና በስኮፑ ውፍረት መካከል ቢያንስ 2 ሚሜ ልዩነት ይኑር፤ አለዚያ አየር መውጫ አጥቶ ግፊቱ ይወጣል፣ ሳንባ ሊፈነዳም ይችላል። ለመደበኛ የአዋቂ ስኮፕ 8 ቁጥር ቱቦ ይመቻል። 7 ከሆነ ቀጭን ስኮፕ ፈልጉ። ከመጀመራችሁ 10 ደቂቃ በፊት ኦክስጅኑን 100 በመቶ አድርጉ፣ ማስታገሻውን አጥልቁ፣ ካስፈለገ ጡንቻ ማዝናኛ ስጡ፣ የቬንቲሌተሩን የከፍተኛ ግፊት ማንቂያ ከፍ አድርጉ። ስኮፑ የሚያልፍበት ጎማ ያለው ማገናኛ ከሌለ ፒፑ (ሳንባን ከፍቶ የሚይዘው ግፊት) ይፈሳል፣ ሳንባው ይከስማል፤ መልሶ ለመክፈት ሰዓታት ይወስዳል።

ሲገባ መጀመሪያ ማየት ነው። ትራኪያና ዋና ዋና ብሮንካሶቹ ላይ ግራጫ ወይም ነጭ የተለጠፈ ሽፋን፣ ቁስለት፣ ጥቁር ቅርፊት ካለ ፎቶ አንሱ። የኢንፍሉዌንዛ ታካሚ ላይ ይህ ከኮቪድ ይልቅ በብዛት ይታያል፣ ሲቲ ስካን ደግሞ አያሳየውም። ፕላትሌትና የደም መርጋቱ ከፈቀደ ከሽፋኑ በፎርሴፕ ቁራጭ ውሰዱ፤ አንዱን ፎርማሊን ውስጥ ለፓቶሎጂ፣ ሌላውን ንጹሕ ሳላይን ውስጥ ለካልቸር። ሁለቱንም ፎርማሊን ውስጥ መክተት በጣም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ፎርማሊን የነካው ነገር አይበቅልም።

ከዚያ ስኮፑን ሲቲው ላይ በጣም የተጎዳው ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ አጣብቁ። ጉዳቱ በሁሉም ቦታ ከሆነ የቀኙ መካከለኛ ሎብ ወይም የግራው ሊንጉላ ፈሳሽን የተሻለ ይመልሳሉ። እስከዚያ ድረስ በስኮፑ አትሳቡ፤ የጉሮሮውን ቆሻሻ ይዛችሁ ትወርዳላችሁ። ሊዶኬይኑንም ቆጥቡ፣ የጀርም እድገት ይገታል። መጠባበቂያ ኬሚካል የሌለው ሳላይን በ20–60 ሚሊ እየከፈላችሁ በድምሩ 100–200 ሚሊ ስጡ፤ ኦክስጅኑ በጣም ለወረደ ታካሚ 60–100 ሚሊም ይበቃል። በቀስታ ሳቡ፤ ኃይለኛ መሳቢያ ብሮንካሱን ያጣብቀዋል፣ ደምም ያመጣል። ከሰጣችሁት 30 በመቶው ከተመለሰ ጥሩ ነው። ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ከአልቪዮላይ የመጣ ነገር የለም ማለት ነው፣ ኔጋቲቭ ውጤቱን አትመኑት። የመጀመሪያውን መላሽ ለብቻው አስቀምጡ፤ እሱ የብሮንካስ ማጠቢያ ነው።

ስንት ሚሊ ሰጥታችሁ ስንት እንደተመለሰ ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ጋላክቶማናን 0.8 የመጣው 40 ሚሊ ተሰጥቶ ከሆነና 200 ሚሊ ተሰጥቶ ከሆነ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም።

ላብ_ማይኮ
የላብራቶሪውን ወገን እኔ ልያዘው።

ናሙናው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይድረስ፤ ካልሆነ በ4 ዲግሪ ይቆይ። ለፈንገስ ካልቸር ቢያንስ 10 ሚሊ፣ ለጋላክቶማናን 1–2 ሚሊ ለብቻው በንጹሕ ዕቃ። ከቀረው ለፒሲአርና ለቲቢ ጂንኤክስፐርት ይካፈላል።

ካልቸር ላይ የሚጠፋው ነገር ይህ ነው፦ ለባክቴሪያ እንደተለመደው 10 ማይክሮ ሊትር በሉፕ ከተቀባ ሻጋታው ያመልጣል። ናሙናውን ሴንትሪፊውጅ አድርጉ፣ ዝቃጩን በሙሉ ሳቡሮ አጋር ላይ አድርጉት። አጋሩ ክሎራምፌኒኮል ይኑረው፣ ሳይክሎሄክሲማይድ ግን አይኑረው። ለቆዳ ፈንገስ የተዘጋጀውን አጋር አንስቶ መጠቀም አስፐርጊለስንም ሙኮርንም (ሌላ ወራሪ ሻጋታ) ያፍናል፤ «ካልቸር ኔጋቲቭ» የሚባለው አንዳንዱ እንዲህ የተወለደ ነው። በ35–37 ዲግሪ አስቀምጡ። ፉሚጋተስ በ2–3 ቀን ይወጣል፣ መጀመሪያ ነጭ፣ ቀጥሎ ጭስ የመሰለ ሰማያዊ አረንጓዴ። እስከ 48 ዲግሪ ማደጉ ከሌሎቹ ለመለየት ይረዳል። ከቀባችሁበት መስመር ውጪ ዳር ላይ አንዲት ኮሎኒ ብቻ ከበቀለች የአየር ብክለት መሆኗን ጠርጥሩ፣ ናሙና ድገሙ።

ማይክሮስኮፑን አትናቁ፤ ርካሽ ነው፣ ውጤቱም በአንድ ሰዓት ይደርሳል። ዝቃጩ ላይ 10–20 በመቶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሩ፣ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ካለ ካልኮፍሉር ኋይት። አስፐርጊለስ ቀጭን ክር ነው፣ ስፋቱ 3–6 ማይክሮን፣ መሃል መሃሉ ግድግዳ አለው፣ በ45 ዲግሪ እንደ ሹካ ይከፈላል። ሰፊ፣ እንደ ሪባን የሚጣጠፍ፣ ግድግዳው እምብዛም የማይታይ፣ በ90 ዲግሪ አካባቢ የሚወጣ ክር ካያችሁ ሙኮር ስለሆነ ለሐኪሙ ወዲያው ደውሉ። የተቆረጠ ሥጋ ከሆነ በምላጭ ቆራርጡት እንጂ አትውቀጡት፤ የሙኮር ክር ሲወቀጥ ይሞትና አይበቅልም።

ተረኛ_ሐኪም
እናመሰግናለን። ጋላክቶማናኑን ራሳችን ለመጀመር ብናስብ ምን ያስፈልጋል? ብሮንኮስኮፒስ ማታ በማይገኝበት ጊዜ በሰክሽን ካቴተር በጭፍን የታጠበው አይሆንም?

ላብ_ማይኮ
ፕላቴሊያ የሚባለው የኤላይዛ ኪት ከሆነ ሥራው እንዲህ ነው። 300 ማይክሮ ሊትር ናሙና ከ100 ማይክሮ ሊትር ማከሚያ ፈሳሽ ጋር ይደባለቃል፣ በ120 ዲግሪ ብሎክ ላይ 6 ደቂቃ ይሞቃል፣ በ10,000 ጂ 10 ደቂቃ ይሽከረከራል። ሙቀቱ አንቲጅኑ ላይ የተጣበቀውን ፕሮቲን ያረግፈዋል፤ ጋላክቶማናን ስኳር ስለሆነ አይበላሽም። ከላይ ከጠራው 50 ማይክሮ ሊትር ከ50 ማይክሮ ሊትር ኮንጁጌት ጋር በ37 ዲግሪ 90 ደቂቃ፣ አምስት ጊዜ እጥበት፣ ቀለሙ 30 ደቂቃ በጨለማ፣ ከዚያ ንባብ። ውጤቱ ኢንዴክስ ነው፤ የናሙናው ንባብ ለመለያ መቆጣጠሪያው አማካይ ንባብ ሲካፈል። አክታ የበዛበት እጥበት ካልጠራ እንደገና አሽከርክሩት።

ችግሩ ወጪው ነው። በእያንዳንዱ ዙር መቆጣጠሪያዎቹ ቦታ ስለሚይዙ ላቦች ናሙና እስኪጠራቀም ይጠብቃሉ፣ ውጤቱም በሳምንት አንዴ ይሆናል። ለፅኑ ክፍል ሳምንት ማለት አለመመርመር ነው። ናሙና ለሚያንሰው ቦታ እንደ እርግዝና ምርመራ በወረቀት ላይ የሚነበበው ላተራል ፍሎው ይሻላል፤ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ያልቃል። በ2020 ለኮቪድ ታካሚዎች በወጣው የአስፐርጊለስ መስፈርት መለያው በማንበቢያ መሣሪያ ለደም ከ0.5 በላይ፣ ለእጥበት 1.0 ነው። መስመሩን በዓይን ገምቶ መጻፍ ይቅር፤ ደብዛዛ መስመር ላይ ሁለት ሰው አይስማማም።

የሳንባ_ሐኪም_ኔዘርላንድስ
ስለ ጭፍን እጥበቱ፦ በ2020 መጨረሻ ለኮቪድ የወጣው የአውሮፓ ማይኮሎጂ ማኅበርና የዓለም አቀፉ የማይኮሎጂ ማኅበር መስፈርት ይቀበለዋል፣ ግን «ሊሆን ይችላል» ከሚለው ዝቅተኛ ደረጃ አያልፍም። በካቴተር 10–20 ሚሊ ሳላይን ሰጥታችሁ መልሳችሁ ስትስቡት ጋላክቶማናኑ አንድ ጊዜ ከ4.5 በላይ፣ ወይም ሁለት ጊዜ ከ1.2 በላይ፣ ወይም አንድ ጊዜ ከ1.2 በላይ ሆኖ ሌላ የፈንገስ ምርመራ ሲደግፈው ይቆጠራል። ቁጥሩ ከፍ ያለው ላይኛው አየር መንገድ ላይ ሰፍሮ ያለው ፈንገስ ስለሚቀላቀልበት ነው። የኢንፍሉዌንዛው መስፈርት ይህን ናሙና አያካትትም፤ እኔ ግን ስኮፕ በሌለበት ሌሊት ከምንም ይሻላል ባይ ነኝ። ሳላይን ሳይገባ የተሳበ አክታ ላይ ጋላክቶማናን መሥራት ግን ተቀባይነት ያለው መለያ ቁጥር የለውም። አታስላኩ።

ፒሲአር ካላችሁ፣ እጥበት ላይ ከ36 ዑደት በፊት የተነሣ አንድ ፖዘቲቭ ለኮቪዱ መስፈርት በቂ ነው።

ፊልም_አንባቢ
ራጅ ላይ አትከራከሩ፤ ነጭ ሳንባ ነጭ ነው። ሲቲ ሲነሣም መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለውን የብርሃን ቀለበትና የጨረቃ ቅርጽ አየር ፈልጋችሁ ካጣችሁ «የለም» አትበሉ። እነዚያ ኒውትሮፊል በሌለው ሰው ላይ የሚታዩ ናቸው። እዚህ የሚረዳው ለውጥ ነው፦ ከቀድሞው ሲቲ ያልነበረ አዲስ ቋጠሮ፣ ካቪቲ፣ በብሮንካስ ዙሪያ የተከማቸ ጥላ፣ ዛፍ ላይ እንዳለ እምቡጥ የመሰለ ነጠብጣብ።

በኛ ሀገር ደግሞ ላይኛው ሎብ ላይ ካቪቲ ሲታይ መጀመሪያ ቲቢ ነው። መስፈርቱ ራሱ «ሌላ ምክንያት የሌለው ካቪቲ» ነው የሚለው፤ ጂንኤክስፐርት ሳይሠራ ካቪቲን ለፈንገስ አትስጡ። ሁለቱ አብረው መኖራቸውም አይገርምም።

ጥርጣሬ_ይበዛኛል
ይቅርታ፣ ግን ነገሩ አልተጋነነም? በኮቪድ ጊዜ አንዳንድ ክፍሎች 20 እና 30 በመቶ አስፐርጊለስ ዘገቡ። በ2021 የተሰበሰበው የ677 አስከሬን ምርመራ ግምገማ ግን ወራሪ ሻጋታ ያገኘው በ2 በመቶ ገደማ ነው። በየካልቸሩ ቮሪኮናዞል (የሻጋታ መድኃኒት) ብንጀምር ጉበት እየጎዳን ነው።

የሳንባ_ሐኪም_ኔዘርላንድስ
ለኮቪድ ጥያቄህ ተገቢ ነው። አስከሬኖቹ ሁሉ ከፅኑ ክፍል አልነበሩም፣ ሁሉም ሳንባ በየቦታው አልተቆረጠም፣ ቢሆንም የኮቪዱ ቁጥር ተነፍቶ እንደነበር እቀበላለሁ። ኢንፍሉዌንዛና ኮቪድን በአንድ ሚዛን አታስቀምጣቸው። ኮቪድ ላይ ፈንገሱ ዘግየት ብሎ፣ ቱቦ ከገባ ከሳምንት ገደማ በኋላ፣ መከላከያን የሚያዳክሙት ዴክሳሜታዞንና ቶሲሊዙማብ ከተሰጡ በኋላ ይመጣል። ብዙ ጊዜም አየር መንገድ ላይ ይዘገያል። ኢንፍሉዌንዛ ላይ ግን ከታካሚው ጋር አብሮ በር ይገባል ማለት ይቻላል። ፖሳኮናዞል ለመከላከያ የተሞከረበት የፖሳ ፍሉ ጥናት ላይ ከተገኙት 71 በመቶው ከገቡ በ48 ሰዓት ውስጥ ነበር፤ መከላከያው ለመሥራት ጊዜ አላገኘም። ስለዚህ ኢንፍሉዌንዛ ላይ ስኮፑን በመጀመሪያው ቀን፣ ኮቪድ ላይ ሁኔታው ሲባባስ።

ጥርጣሬ_ይበዛኛል
በዚህ መልክ እስማማለሁ። ኮቪድ ላይ አንድ የአክታ ካልቸር ብቻ ይዞ መጀመር ነው የሚያናድደኝ።

ፋርማ_ክሊኒካል
ስለ መድኃኒቱ የተጠየቀው አልተመለሰም። እጥበቱ በዕለቱ የሚወሰድ ከሆነ ወስዳችሁ ጀምሩ፤ ሻጋታ የሚገድል መድኃኒት ከተጀመረ ጋላክቶማናንም ካልቸርም የመያዝ አቅማቸው ይወርዳል። ስኮፑ የሚዘገይ ከሆነና ታካሚው እየወረደ ከሆነ ግን ለናሙና ሲባል አይጠበቅም።

ቮሪኮናዞል በመጀመሪያው ቀን 6 ሚግ በኪሎ በየ12 ሰዓቱ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ 4 ሚግ በኪሎ በየ12 ሰዓቱ። ለ70 ኪሎ 420፣ 420፣ ቀጥሎ 280 ሚግ። ጠዋት ከመስጠታችሁ በፊት የደም መጠኑን ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ለኩ፤ ከ1 እስከ 5.5 ሚግ በሊትር። ሪፋምፒሲን ላይ ያለ የቲቢ ታካሚ ከሆነ ቮሪኮናዞል ከደም ይጠፋል፤ አብረው አይሰጡም። ካርባማዜፒንና ፌኖባርቢታልም እንዲሁ ናቸው፤ ፌኒቶይንም መጠኑን ያወርደዋል። በተቃራኒው ሚዳዞላምና ፈንታኒል ይከማቻሉ፣ «ታካሚው ለምን አልነቃም» የሚባለው አንዳንዴ ይሄው ነው። ሪፋምፒሲን ካለ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን 3 ሚግ በኪሎ በቀን፤ ለካላ አዛርና ለክሪፕቶኮካል ማጅራት ገትር የሚሰጠው ያው ራሱ ነው። ፖታሲየምና ማግኒዚየም በየቀኑ።

ፍሉኮናዞል አስፐርጊለስን አይነካም። መጋዘን ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ብቻ የሚታዘዝበት ጊዜ አለ፤ ጥቅም የለውም።

ኔዘርላንድስ ላይ አዞልን (ቮሪኮናዞል ያለበትን የመድኃኒት ዘር) የሚቋቋም ፉሚጋተስ መኖሩን ዶክተር ይመሰክራሉ።

የሳንባ_ሐኪም_ኔዘርላንድስ
አዎ፣ ከእርሻ አዞሎች የመጣ ነው። ስለዚህ የበቀለ ኮሎኒ አይጣል፤ የመድኃኒት ስሜቱ ይፈተሽ። መቋቋሙ ከ10 በመቶ በላይ በሆነበት አካባቢ ቮሪኮናዞልን ብቻውን አንጀምርም፣ ኢካይኖካንዲን ወይም ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ይጨመርበታል።

ስኮፕ_በእጄ
ቤታ ግሉካን ማንም አላነሣም። እኛ ጋ ከጋላክቶማናን ይልቅ እሱ ሲጠየቅ አያለሁ።

ላብ_ማይኮ
ቤታ ግሉካን «ፈንገስ አለ» እንጂ «አስፐርጊለስ አለ» አይልም። ካንዲዳም ኒውሞሲስቲስም ያነሡታል። በሚሊ ሊትር ከ80 ፒኮግራም በላይ ፖዘቲቭ በሚባለው ኪት ላይ በደም የተሰጠ ኢሚውኖግሎቡሊን፣ አልቡሚን፣ የሴሉሎስ ማጣሪያ ያለው ዲያሊሲስ፣ ቀዶ ሕክምና ላይ የቀረ ጋውዝ ሁሉ በሐሰት ከፍ ያደርጉታል። ፅኑ ክፍል ውስጥ ከነዚህ አንዱ የሌለበት ታካሚ ስንት ነው? የሚጠቅመው ደጋግሞ ዝቅተኛ ሲሆን ለመተው ነው። ኤችአይቪ ያለበት ታካሚ ላይ በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ኒውሞሲስቲስን አስቡ።

ጋላክቶማናንም ከሐሰት አያመልጥም። ሂስቶፕላዝማና ፉሳሪየም ያስነሡታል፤ ግሉኮኔት ያለበት የደም ሥር ፈሳሽም እንዲሁ። ሙኮርን ግን ሁለቱም ምርመራዎች አያዩትም። በ2021 ህንድ ውስጥ በዴልታ ማዕበል ስኳርና ስቴሮይድ ተገናኝተው ከ40,000 በላይ የሙኮር ታካሚ ሲመዘገብ፣ ምርመራው በዋናነት የቆመው በማይክሮስኮፕና በተቆረጠ ሥጋ ላይ ነበር። ስኳሩ ከፍ ያለ፣ ጋላክቶማናኑ ኔጋቲቭ፣ በቮሪኮናዞል እየባሰ የሚሄድ ታካሚ ላይ ይህን አትርሱ፤ ቮሪኮናዞል ሙኮር ላይ አይሠራም።

ተረኛ_ሐኪም
በጣም ጠቅማችሁኛል። እቅዱን ልንገራችሁ፦ ጠዋት ብሮንኮስኮፒ፣ ቱቦው 7.5፣ ስኮፑ 5 ሚሜ። እጥበቱ እንደተወሰደ ቮሪኮናዞል። እጥበቱ በሁሉም ኔጋቲቭ ከመጣ ማቆም እንችላለን?

የሳንባ_ሐኪም_ኔዘርላንድስ
አየር መንገዱ ንጹሕ ሆኖ ከታየ፣ መላሹ በቂ ከነበረ፣ የእጥበት ጋላክቶማናን ከ1.0 በታች፣ ማይክሮስኮፑና ካልቸሩ ኔጋቲቭ ከሆነ አቁም። የደሙን በሳምንት ሁለቴ ድገም፤ ታካሚው እንደገና ከወረደ ስኮፑንም ድገም። በ0.5 እና በ1.0 መካከል ከመጣ መድኃኒቱ እየሄደ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ድገመው። ከተረጋገጠ ግን ከ6–12 ሳምንት ነው፣ ለቤተሰቡም ከወዲሁ ንገራቸው።

ስኮፕ_በእጄ
7.5 እና 5 ይበቃል፣ በደንብ ቀባው። ከጨረስክ በኋላ ኦክስጅኑን ቶሎ አታውርደው። በዚያው ምሽት ትኩሳት ቢያመጣ ከእጥበቱ ሊሆን ስለሚችል አንቲባዮቲክ ለመቀየር አትሩጥ።

ላብ_ማይኮ
መጠየቂያው ወረቀት ላይ «ለምርመራ» ብቻ ብለህ አትላክ። ኢንፍሉዌንዛ መሆኑን፣ ስቴሮይድ መውሰዱን፣ ቮሪኮናዞሉ የተጀመረበትን ሰዓት፣ የተሰጠውንና የተመለሰውን ሚሊ ጻፍ። «ሙኮርም ይጠርጠር» ካልክ ዝቃጩን ለይቼ ሳልወቅጥ አስቀምጠዋለሁ። ከ9 ሰዓት በፊት ከደረሰ የማይክሮስኮፑን ውጤት በዚያው ቀን እደውላለሁ።